የእትዬ አስካለ ጥጎች

ሰው ሁሉ ልጅነቱን የሚመልስለት የራሱ ሽታ አለው። የኔ ለወግ የሚበቃ አይደለም፤ የዱቄት ሙጫ ነው። ባለፈው ለዘመድ ሰርግ ብዬ መርሳ ስወርድ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት የመብራት ምሰሶ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። ሙጫውን የያዘችው በቲማቲም ጣሳ ነው። ከሥሩ ትንሽ አርሮ፣ ከላዩ ጎምዝዞ፣ ያ የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ቆምሁ። ሴትዮዋ ቤት ፈላጊ መስዬያት «ሁለት ክፍል ነው፤ ውሃም አለው» አለችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ አንደኛ ክፍል ገብቶ ነበር።

አንደኛ ክፍል የገባሁት ስሜ ቀድሞኝ ነው። ትልቁ ወንድሜ ቤት ውስጥ ሲያጠና እየሰማሁ፣ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ ለማለት ጥቂት የሚቀረኝ ልጅ ነበርሁ። አያቴ አባባ እንድሪስ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ፋጤ፣ ነይ እስቲ ውጭው!» ይሉኛል። እኔም መቃኑን ተደግፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ሀ ሁ ሂ ሃ...» ብዬ እለቀዋለሁ። እንግዳው «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላል፤ አባባ ጺማቸውን ይዳብሳሉ፤ እኔ ትልቁን ማንጎ እወስዳለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ማንበቤ ማንንም አልገረመውም፤ እኔንም ጭምር።

የዚያን ጊዜ እምነቴ ማንበብ ማለት ትንፋሽ ነው የሚል ነበር። ትንፋሹ የረዘመ መምህር ይሆናል፤ ከዚያም ከበለጠ ሐኪም። አንድ ጊዜ ታምሜ ጤና ጣቢያ ስወሰድ፣ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ሲያሳርፍ ስንት ፊደል እንዳለኝ የሚሰማ መስሎኝ በሆዴ ሀ ሁ ሂ ማለት ጀመርሁ። እሱ ግን መርፌ አዘዘልኝ። ብዙ ቀን አኮረፍሁት።

አባባ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይገባል። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ የታመመውን በቃሬዛ ይሸከማል፣ ያለ ምክንያት የቀረውን ይቀጣል። ዳኛው ከተናገረ ነገር አለቀ። አባባ ቁርዓን ከልጅነታቸው የቀሩ፣ የተማሩ ማለት ነው፣ ብዙውንም በቃላቸው የያዙ፣ የቁርዓን ቤት ልጆችንም የሚፈትኑ ሰው ናቸው፤ የአማርኛውን ፊደል ግን አያውቁትም። «እሱን ለናንተ ትቸዋለሁ» ይሉ ነበር። ለእናንተ ማለታቸው ለእኔ ማለታቸው እንደሆነ ስለማውቅ በጣም እኮራ ነበር።

እትዬ አስካለ ከወልዲያ የመጣችው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ወጣት ነበረች። አሁን «እሷ» የምላት ስለምወዳት ነው እንጂ ያኔማ በአንቱታ ነበር የምናናግራት፤ በሌለችበትም ሳይቀር። የመጀመሪያው ቀን ይዛ የገባችው አለንጋ ሳይሆን የሳሙና ካርቶን ነው፤ ተጠፍጥፎ በሲባጎ የታሰረ፣ እስከ ደረቷ የሚደርስ ክምር። ሱቅ ልትከፍት ነው ብለን ተደሰትን።

ክፍላችን እንደ ማንኛውም ክፍል ነበር። አግዳሚዎቹ ወደ ሰሌዳው ዞረው ተደርድረዋል፤ በአንዱ ላይ አራትም አምስትም ሆነን ተጣብቀን እንቀመጣለን፤ መምህሩ አንድ ጊዜ ይላል፣ እኛ በጩኸት እንመልሳለን። ድምፃችን ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ወላጆቻችን ማሳ ላይ ሆነው ይሰሙና «ዛሬም እየተማሩ ነው» ይላሉ። እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ገለባበጠችው። በማግስቱ ስንገባ አግዳሚዎቹ በአራቱ ማዕዘን ተከፋፍለው መሐሉ ባዶ ሆኖ አገኘነው። እኔ ለሰርግ የተጠረገ መሰለኝ።

አንደኛው የቆርኪ ጥግ ነው። የጠርሙስ ቆርኪ ሆዱ ውስጥ ክብ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ይለጠፍና አንድ ፊደል ይጻፍበታል፤ እኛ እየለቀምን ቃል እንሠራበታለን። ሙጫውን የምታፈላው ከጥበቃው ማንደጃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ያን ያረረ ዱቄት ይሸታል። ቀጥሎ የአሸዋ ጥግ አለ፤ ከመርሳ ወንዝ የመጣ አሸዋ ተነፍቶ በማንጎ ሣጥን ተደርጓል፤ በጣታችን እንጽፋለን፣ ስንሳሳት በመዳፋችን እናብሳለን። ከበሩ ወዲያ ባለው ጥግ ደግሞ ሰሌን ተነጥፎ ተረት ይወራበታል፤ አንዱ ያወራል፣ ሌላው የሰማውን መልሶ ይናገራል። በቀረው ጥግ ሲባጎ ተወጥሮ፣ ራሷ ከካርቶን የሠራቻቸው ትንንሽ መጻሕፍት እንደ ልብስ ተሰጥተዋል። እኛ በአራት ቡድን ተከፍለን በየጥጉ እንቀመጣለን፤ በቆሎ ያለበትን ጣሳ ስታንኳኳ ሁሉም ወደሚቀጥለው ጥግ ይዞራል። እንግዲህ ሐሳቡ ይህ ነበር።

ሐሳብ! ጣሳው ሲንኳኳ ክፍሉ በሙሉ ወደ ቆርኪው ሮጠ። አሸዋው የመካኒኩ ልጅ የአንዷለም ዓይን ውስጥ ገባ፤ እሱ ደግሞ አንዴ ማልቀስ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። የጅብ ተረት የጀመረው ልጅ ራሱ ጅብ ሆኖ ጓደኛውን ነከሰ። እትዬ አስካለ መሐል ቆማ ጣሳዋን ታንኳኳለች፤ የሚሰማት የለም። ልጆቹ ሲወጡ ደብተሬን ረስቼ ብመለስ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በመሐረብ ስትጠርግ አየኋት። ላብ መሰለኝ፤ መርሳ መቼም ሙቀት ነው።

እንዲህ እየሆነ ጥቂት ቀናት አለፉ። ነገሩን ያበረደችው ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ጎረቤታችን ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ፣ ድምፅዋ ግን እንደ ሽማግሌ የጎረነነ። አንድ ቀን ቡድናችን በቆርኪ ሲናጠቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ተቀመጡ! ቅሬ ይቀመጥ!» አለች። ይህን ቃል እናውቀዋለን፤ ትልልቆቹ ሲሰሙት ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያደርጉ ነው የሚወጡት። ተቀመጥን።

«ጥፋተኛው ማነው?» አለች።

«አንዷለም!» አልን።

«ይቀጣል። ነገ ቆርኪ ያመጣል።»

አንዷለም ሊያለቅስ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን የቅሬ ቅጣት በልቅሶ እንደማይነሳ እሱም ያውቃል። ዘጋው። እትዬ አስካለ ከጥጉ ሆና ስትሰማ ኖሮ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድን መባሉ ቀረና አራት ቅሬ ሆንን። ለእያንዳንዱ ቅሬ ዳኛና ጠሪ ተሾመለት፤ የእኛ ዳኛ ያለ ጥርጥር ሰዓዳ ናት። ጣሳው ሲንኳኳ ጠሪው ይጠራል፣ ዳኛው ቆርኪው ሣጥን መግባቱን፣ አሸዋው መስተካከሉን ያያል፣ ከዚያ በሰልፍ እንዞራለን። የረበሸ በቆርኪ ይቀጣል። ከሁሉ የከበደው ሕግ ግን የመጨረሻው ልጅ ሥራውን ሳይጨርስ ማንም ከጥጉ አይነሳም የሚለው ነው፤ የሚቀጥለውም ቅሬ ቆሞ ይጠብቃል። «ቅሬ ሰው ጥሎ አይሄድም» ትለናለች ሰዓዳ፣ በዚያ በጎረነነ ድምፅዋ። እትዬ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋትም።

ቤት ስገባ «እማ፣ ዛሬ ቅሬ ገባሁ!» አልሁ። እናቴ ሰሚራ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። በቆርኪ ነው።»

ግንባሬን ዳሰሰችና «ይችን ልጅ ወባ ይዟታል» ብላ አባቴን ጠራችው። አባቴ ይመር እጁን ሳይታጠብ ከጓሮ መጣ፤ የተባለውን ሰምቶ «ልጅቱስ ደህና ናት፤ መምህሯን ይዟት እንዳይሆን» አለ።

ቅሬ ከሆንን ዘንድ የታመመ መጠየቅ አለብን። አንዷለም በወባ ተኝቶ የቀረ ሳምንት፣ ሰዓዳ ፊት ፊት እየሄደች፣ ሸንኮራ አገዳ ተሸክመን ቤታቸው ሄድን። ትልልቆች ሰው ቤት ሲገቡ እንደሚሆኑት ሆነን በሩ ላይ ተሰለፍን። ሰዓዳ ሻሿን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ለእናቱ «እግዜር ያጥናችሁ» አለቻቸው። እኛም ተከትለን «እግዜር ያጥናችሁ» አልን። ቅሬ ከሰው ቤት ሲገባ የምንሰማው ይህንኑ ነውና ሌላ ቃል አላወቅንም። ሴትዮዋ ኡኡ ብለው ወደ ጓዳ ሮጡ፤ አንዷለም አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል። ሸንኮራውን አስቀምጠን ወጣን፤ ሰዓዳ ግን ቅሬያችን በደንብ እንደጠየቀ እርግጠኛ ነበረች።

እኔ በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል ከክብሬ ወድቄ ነበር። የቆርኪው ጥግ ነው የጣለኝ። መጀመሪያ ቀን እትዬ አጎንብሳ «ፋጡማ፣ እስቲ በ የሚለውን ፊደል አምጭልኝ» አለችኝ። ቆርኪዎቹ ተዘርግፈዋል፤ ገበያ እንደወጣ ሰው ተደበላልቀው ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ አይታወቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ከሀ ጀመርሁ። ዜማው እስከ በ አደረሰኝ። ዓይኔን ስከፍት ግን ቆርኪዎቹ እንደነበሩ ናቸው፤ በ የትኛዋ እንደሆነች መልኳን አላውቀውም። እንደገና ከሀ ጀመርሁ። ቅሬዬ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፤ የሚቀጥለው ቅሬ ከኋላችን ቆሞ ያጉረመርማል።

«ገና ነሽ?» አለች ሰዓዳ።

«እየመጣሁ ነው» አልኋት። «ለ ላይ ነኝ።»

እንዲህ ሆኜ ሰነበትሁ። ቤት ማንም አያውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ አሁንም መቃኑን ተደግፌ እለቀዋለሁ፣ ማንጎዬንም እወስዳለሁ። ማታ ግን ልቤ ይጨነቅ ነበር። ፊደሎቹ ከገበታው ሲወርዱ ለምን እንደሚክዱኝ አልገባኝም፤ አኩርፈውኝ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ አልተቆጣችም። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጢጥ አለችና «የምትወጃቸውን ሰዎች ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኋት። ከቆርኪው ለቀም ለቀም አድርጋ መጀመሪያ የራሴን ስም ሠራችልኝ፤ ፋ፣ ጡ፣ ማ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ገበታ አሳየችኝ። ማ ከላይ ናት፤ ጡና ፋ ደግሞ እታች፣ እነሱም በየቤታቸው። አዘንሁ። ስሜ አንድ ቤት የሚኖር መስሎኝ ነበር።

«የአባትሽ ዘመዶች የት የት ናቸው?» አለችኝ።

«አንዱ ሲሪንቃ፣ አንዷ ውርጌሳ፣ አንዱ ሐራ።»

«ሲጠሩስ?»

«ይመጣሉ።»

«እነዚህም ሲጠሩ ይመጣሉ» አለች፤ ሦስቱን ቆርኪዎች መዳፌ ላይ አድርጋ እጄን ጨመቀችው።

ከዚያ ወዲህ ፊደልን በገበታ ሳይሆን በሰው ለመድሁት። ሚ የእናቴ የሰሚራ ናት፣ መሐል ላይ የተቀመጠችው። ር የአባቴ የይመር መጨረሻ። ስ የአባባ እንድሪስ። አ እና ለ የራሷ የእትዬ አስካለ። ቀስ እያልሁ ነበር፤ በጣም ቀስ። የማውቀው ሰው ስም ውስጥ የሌለች ፊደል ግን አሁንም ባዳ ናት።

ጣጣው የመጣው በቆርኪ በኩል ነው። ቅጣታችን ቆርኪ፣ ቆርኪ የሚገኘው ደግሞ ሹፌሮች ከሚያርፉባቸው ሆቴሎች በር ላይ ስለሆነ፣ ከትምህርት መልስ አጎንብሰን እንለቅማለን። አንድ ቀን አባባ ኪሴ ሲንኳኳ ሰሙና እጃቸውን ሰደው አወጡት። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ አፍንጫቸው ግን አልደከመም።

«ቢራ!» አሉ። «አስተግፊሩላህ! እዚያ የሚያስተምሩሽ ይህን ነው?»

«እኔ ፈልጌ አይደለም አባባ። ቅሬው ቀጥቶኝ ነው።»

አባባ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የማን ቅሬ?» አሉ።

ያን ቀን ሁሉም ወጣ። የቆርኪው ነገር እትዬ ጋ ሲደርስ በጣም ደንግጣ የቢራውን ሁሉ ለቅማ አስጣለችው፤ ከዚያ በኋላ የለስላሳ ብቻ ሆነ። ሌላው ክስ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። የአንዷለም እናት የሆነውን ተናግረዋል፤ ሰው ሳይሞት ቅሬ መጥራት ሟርት ነው ተብሏል። አባባን ከሁሉ ያስጨነቃቸው ደግሞ ሌላ ነው። «የትምህርት ቤቱ ድምፅ ጠፋ» አሉ አባቴን። «በቁርዓን ቤቱ በኩል ሳልፍ የልጆች ድምፅ ይሰማኛል። በነሱ በኩል ሳልፍ ሹክሹክታ ነው። ልጅ ዝም ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ አጥፍቷል።»

አባቴ «እንደዚያስ ነው» አለ። ሌሎቹም ወላጆች «እንደዚያስ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ዳይሬክተሩን አነጋገሩት። ዳይሬክተሩ ጠብ የማይወድ ሰው ነበር፤ «መጥታችሁ እዩት፤ አባ እንድሪስ ጥጎቹ ይነሱ ካሉ አግዳሚዎቹ እንደ ቀድሞው ይደረደራሉ» አላቸው። እትዬ ይህን ለእኛ አልነገረችንም። ሰዓዳ ግን ከእናቷ ሰምታ ነገረችን። ጥጎቹ ከተነሱ ቁጢጥ ብሎ ስም የሚሠራልኝ እንደማይኖር፣ እኔም ተመልሼ ዓይኔን እንደምጨፍን ገባኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

መጡ። አባባ፣ ሁለት የመስጊድ ሽማግሌዎች፣ ከክርስቲያኑ ወገን የአንዷለም አያት። «አረፍ በሉ አባቶቼ» አለች እትዬ፤ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ አለ፣ እሱን ለመደበቅ እጇን ከኋላዋ ይዛዋለች። በእኛ አጭር አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። እኛ እንደ ወትሮው ሠራን፤ ጣሳው ተንኳኳ፣ ጠሪዎች ጠሩ፣ ዞርን፣ አንድ ልጅ አልተጣላም። የአንዷለም አያት «ይሄ ልጅ ቤትም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!» አሉ። ከመስጊዱ ሽማግሌዎች አንዱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጨዋታ ነው። ትምህርቱ የታለ?»

አባባ ክብራቸውም ክብሬም የሚነካ መሰላቸው። «ፋጤ፣ ነይ እስቲ ውጭው!» አሉኝ።

ወጣሁት። ገበታውን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በዕድሜዬ ብዬው በማላውቀው ትንፋሽ ከሀ እስከ ፐ ወረድሁት። «ማሻአላህ!» አሉ ሽማግሌው። «ትምህርት ማለት ይኸውና! ይህን የመሰለ ነገር ትታ ነው ቆርኪ የምታስለቅመው?»

እትዬ አስካለ «አባ እንድሪስ፣ አንቱ የቁርዓን ልጅ ሲፈትኑ ከየት ጀምረው ነው የሚፈትኑት?» አለች።

«ከመካከል ነዋ። ከመነሻውማ ማን ያጣዋል? ከመሐል ጀምሬለት እሱ ይቀጥላል።»

«እንግዲያስ ፋጡማንም ከመካከል ይጠይቁልኝ።»

አምናኝ ነው። ስም ስም እያልሁ እንደማገኘው አምናኝ ነው። አባባ ከዘራቸውን አንስተው ገበታው መሐል አንዲት ፊደል ነኩ። «ይችስ?» ኘ ነበረች። በምወዳቸው ሰዎች ሁሉ ስም ውስጥ ኘ የለችም። ደነገጥሁ፤ ሳላስበው ከንፈሬ «ሀ ሁ ሂ» ማለት ጀመረ።

«አይደለም፣ ከዚህች» አሉ አባባ።

እንደገና ከሀ ጀመርሁ። በሦስተኛው አባባ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። ገባቸው። ስንት እንግዳ ፊት የቆመች ልጅ አንዲት ፊደል ነጥላ እንደማታውቅ ገባቸው። ፊታቸውን ሳየው ልሙት ብዬ ተመኘሁ።

«ይኸውና!» አሉ ሽማግሌው። «ቆርኪው ነው ያበላሻት!»

ሰዓቱ ደርሶ ጣሳው ተንኳኳ። ሦስቱ ቅሬዎች ተነሱ። የእኛው ቅሬ አልተነሳም።

«እናንተስ?» አሉ አባባ።

ሰዓዳ ተነስታ ቆመች። «ፋጤ አልጨረሰችም አባባ። ቅሬ ሰው ጥሎ አይሄድም።»

አባባ ትክ ብለው አዩዋት። ተነስተው እጄን ያዙና «መልሴን ኋላ እሰጣለሁ» ብለው ይዘውኝ ወጡ። ዳይሬክተሩ ከበሩ ላይ እትዬን «እንግዲህ አልቋል፤ አግዳሚዎቹን ወደ ተራቸው መልሻቸው» ሲላት ሰማሁ።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አስፋልቱን ይዘን ሄድን፤ እኔ አለቅሳለሁ፣ አባባ ከዘራቸውን ይመታሉ። ኋላ ላይ «ለእንግዳ ስታነቢ የኖርሽው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ዜማውን ነው።»

«ፊደሉንስ አታውቂውም?»

«የሰው የሰውን አውቃለሁ።»

«የሰው የሰውን ማለት?»

«የእማን፣ የአባየን፣ ያንቱን።»

ቆሙ። ከፊታችን አንድ ሱቅ አለ፤ በሩ ላይ ቀለም የተጻፈበት ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል። አባባ ከዘራቸውን አንስተው የላይኛውን ቃል መሐሉን ነኩት። «ከዚህ ጀምሪ» አሉ።

አየኋት። «ማ!» አልሁ። «የኔ ናት! ፋጡማ ላይ ያለችው!»

«ቀጥይ።»

አይሱዙ ሲያልፍ አቧራው ሸፈነን። ሰዎች ወደ መስጊድ እየሄዱ «አባ እንድሪስ፣ የዙሁር ሶላት አያልፍብዎም?» ይሏቸዋል። «ሂዱ፣ እደርሳለሁ» ይላሉ አባባ፤ ከዘራቸው ከቆርቆሮው አልወረደም። እኔ ሰዎቼን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ነው። ከማ በፊት አባባ ራሳቸው ቆመዋል፤ ስ። ከማ በኋላ አባቴ፤ ር። ከሁሉ ፊት እናቴ፤ ሚ። ከሥር ለብቻቸው ሁለት አሉ፤ አ እና ለ፣ ሁለቱም የእትዬ። ቤተሰቤ በሙሉ አንድ ቆርቆሮ ላይ ወጥቷል። ደጋግሜ ጠራኋቸው፤ ተጠጋጉ።

«ሚስ... ሚስማ... ሚስማር አለ!» ብዬ ጮህሁ። «አባባ፣ ሚስማር አለ ይላል!»

አባባ እኔን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ። ልክ ልሁን ልሳሳት እሳቸው ማወቂያ የላቸውም። ጎንበስ ብለው ወደ ሱቁ ገቡ። ሚስማር ሊገዙ መሰለኝ።

«ሚስማር አለ?» አሉ።

«አለ አባ እንድሪስ» አለ ባለሱቁ። «ምን ያህል ላድርግልዎ?»

«አይ፣ መኖሩን ልወቅ ብየ ነው።»

ባለሱቁ የሚዛኑን ሰሐን እንደያዘ ቀረ። አባባ ወጡ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞልቶታል። «አለው» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል አልዋሽም። እጄን ያዙና ዞርን፤ ወደ መስጊዱ ሳይሆን በመጣንበት መንገድ፣ እኔ እስክሮጥ ድረስ እየፈጠኑ።

ክፍሉ ውስጥ ከእትዬ አስካለ በቀር ማንም የለም። ሲባጎው ወርዷል፣ ቆርኪዎቹ ካርቶን ገብተዋል። አንዱን አግዳሚ በአንድ ጫፉ ይዛ ወደ መሐል እየጎተተችው ነው። አባባ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ሌላውን ጫፍ ያዙት።

«ይተዉት አባ እንድሪስ፣ ከባድ ነው» አለች ደንግጣ። «እኔ እደረድረዋለሁ።»

«ያዥው» አሉ አባባ፤ አነሱት።

እሷም ያለ ልቧ አነሳች። «ወዴት ነው የምናደርገው?» አለች።

«ወደ ጥጉ» አሉ አባባ።